ንግግር ያለው ሚና

«ቤት ውስጥ ካለ፣ ገና ከበሩ ሲገቡ ይስቃሉ» አለ አጎቷ አቤ። «እኔ ምን ላድርግ። ሰው ሲያየው ይስቃል። ለዚህ ነው የላክሁት።»

ወንጌላዊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በረንዳው ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው። እናቷ፣ አትጠገብ፣ ብርጭቆ እየወለወለች መሆኗን ከጨርቁ ሲጢጥታ አወቀች። «እና ዳይሬክተር የተባለው ሰው አለ ወይስ የለም?» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «የለማ። ኮምቦልቻ ላይ ማን ፊልም ይሠራል? የሚደውልለት የእኔ መጋዘን ሠራተኛ ነው። መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ እያለ ያቆየዋል። እሱ እንደሁ መጠበቅ ይችልበታል። ሽማግሌዎቹ ስምንት ሰዓት መጥተው ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳሉ። በአባት ቦታ እኔ እቀመጣለሁ። የአባቷ ወንድም ነኝ፤ ምን ይጎድላል።» ጨርቁ ብርጭቆው ላይ መሽከርከሩን ቀጠለ።

የአባቷን ኮት የተኮሰችው ወንጌላዊት ናት። ትናንት እየተኮሰች ሳለ አባቷ ቀለሙ አጠገቧ ቆሞ፣ ክርኑ ላይ የሳሳውን ቦታ በመዳፉ እየሸፈነ፣ «ዳኛ ነው አሉ፣ ወንጌልዬ። ንግግር ያለው ሚና ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ» ይላት ነበር። ሽማግሌ የሚመጣው ዛሬ መሆኑን ያውቃል። ቀኑ መጋጨቱ አስጨንቆት አቤን ሲጠይቀው፣ «እስከ ስምንት ሰዓት ተመልሰህ ትደርሳለህ፤ ብትዘገይም እናስጠብቃቸዋለን» ብሎት ነበር። ዛሬ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጫማውን ጠርጎ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። በሩን ሲዘጋ ዳኛ እንዴት እንደሚራመድ እየሞከረ ነበር። እሷም በመስኮት አይታው ፈገግ ብላ ነበር።

ስትገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ሳሎኑ የእነሱ አይመስልም። ከጎረቤታቸው ከከይሪያ ቤት በውሰት የመጣው ሶፋ ግድግዳውን ሞልቶታል። በሩ ላይ እናቷ ከሰኞ ገበያ በሜትር ሠላሳ ሁለት ብር የገዛችው መጋረጃ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ቀበሌ ሦስት ቀን ተሰልፋ ያገኘችው ሁለት ኪሎ ስኳር ገና ከፌስታሉ አልወጣም። መንግሥት የዕቃ ዋጋ ከወሰነ ወዲህ ስኳርና ዘይት ከሱቅ ጠፍተዋል፤ ሰው ለሠርግ ሳይሆን ለስኳር መጨነቅ ይዟል። አባቷ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ የተነሳው ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ የአቤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያሳተመው ካላንደር ተሰቅሏል። ካላንደሩ ከፎቶው ስለሚያንስ ዙሪያውን ነጣ ያለ ጠርዝ ቀርቷል። ወንጌላዊት ጠርዙን ቆማ አየችው። አቤ ማየቷን አየ።

«ሎሚ ልገዛ ልሂድ» አለች።

«ሎሚ አለ» አለች እናቷ።

«ለስላሳ ልጨምር።»

እናቷ ቀና ብላ ተመለከተቻት። ልጇ መስማቷ ገብቷታል። ሌላ ቀን ቢሆን ሠላሳ ጥያቄ ትጠይቃት ነበር፤ አሁን ግን ከመቀነቷ የታጠፈ ሃምሳ ብር ፈትታ ሰጠቻትና ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች። አቤ፣ «ሙሽራ ናት፣ ዛሬ ምን ያንቀዋልላታል» አለ። ወንጌላዊት ሃምሳ ብሩን ጨብጣ ወጣች፤ ወደ ሱቅ ሳይሆን አባቷ ወዳለበት ለመሄድ ነበር።

በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። በዚያ ላይ አባቷ በስልክ ሲያወሩት ግማሹን አይሰማም። ከደሴ ፒያሳ በባጃጅ መናኸሪያ ሄዳ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ታሪፉ ዐሥር ብር ነው፤ ረዳቱ እሑድ ነው ብሎ ዐሥራ ሁለት ጠየቀ፤ አልተከራከረችም። ተከራክራ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስትማር እጇን ለጥያቄ ያወጣችው ሁለት ጊዜ ነው። አሁን በምትሠራበት መዝገብ ቤትም ሰዎች የሚወዷት ዝምተኛ በመሆኗ ነው። አቤም የትምህርት ወጪዋን ሲያግዝ ስለኖረ፣ ቤት ውስጥ እሱ ሲናገር መስማት ለምዳለች። ዝምታ ጨዋነት መስሏት የኖረው ዛሬ ጠዋት አቤን እስክትሰማው ድረስ ነበር።

አባቷ ትወና የጀመረው በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ፤ እሱ ግን አልተበተነም። ለዐሥር ዓመት ያህል በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን፣ በየፀረ ኤድስ ክበቡ፣ በየመንገድ ምረቃው ላይ ሲጫወት ኖረ። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ በቪዲዮ ካሜራ ፊልም መሥራት ተጀመረ ሲባል፣ ልብስ በአንድ ቦርሳ ይዞ ሄደ። በሰባት አስቂኝ ፊልሞች ሠራ፤ በሰባቱም ዘበኛ ነው። በሰባቱም ጌታው ከመኪና ወርዶ ማጅራቱን በጥፊ ይለዋል፤ እሱም ተረከዙን አጋጭቶ፣ ጀርባውን ለጌታው ሰጥቶ ለአጥሩ ሰላምታ ያቀርብና «አለሁ ጌታዬ» ይላል። ሌላ ንግግር የለውም። ድምፅ የሚቀዳው ካሜራው ላይ ባለችው ማይክራፎን ስለነበር ጥፊው የእውነት ነው፤ ካልጮኸ አያስቅም። ካሜራው በቀን ሒሳብ በኪራይ የመጣ ስለሆነ ቀረጻው ቶሎ እንዲያልቅ ደግሞ ጥፊው ይበረታል። አራተኛው ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ ማጅራቱን ስቶ ጆሮውን መታው። ዳይሬክተሩ «ይሄኛው ጥሩ ወጣ» አለ፤ ግራ ጆሮው ከዚያ ቀን በኋላ አልሰማም። የሲዲው ሽፋን ላይ የስድስት ሰው ስም ተጽፎ ከታች «እና ሌሎችም» ይላል። አባቷ ሌሎችም ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ደሴ የመጣ ጊዜ ወንጌላዊት ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ አባቷ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ጥፊው ሲያርፍ አዳራሹ ፈነዳ። እሷም ሳቀች። ከሁሉ በላይ የምታስታውሰው የራሷን ሳቅ ነው። ስትስቅ ዞር ብሎ አያትና ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ውስጥ አባቷን ሰላም ማለት ማለት ማጅራቱን መምታት ሆነ። ሥጋ ቤት ያለው ሰው ይመታዋል፤ ባጃጅ ነጂው ይመታዋል፤ የክርስትና አባትነት ሊለምኑት የመጡ ሰዎች እንኳ መጀመሪያ መትተውት ነው የለመኑት። ማንም በክፋት አያደርገውም። እሱም አንድ ቀን ተው ብሎ አያውቅም፤ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታውን ያቀርባል። ይሄ ሁሉ ዓመት እሷም በአጠገቡ እያለፈች ጫማዋን ስታይ ኖራለች።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ሙቀቱ ከታች ተቀበላቸው፤ ከፊቷ ያሉት ሴቶች ጋቢያቸውን አወለቁ። ወደ ላይ የሚወጣ ነጭ ላንድክሩዘር ሲያልፋቸው፣ እነሱ ይሆኑ እንዴ ብላ አሰበች። የምታገባው አግማስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከዚያው ነው የሚነሱት። ረጋ ያለ ልጅ ነው። አባቷን ሦስት ጊዜ አግኝቶት አንድም ጊዜ አልመታውም። ለዚህ ነው የወደደችው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ኮምቦልቻ ሁለት ሆቴል ገብታ ጠየቀች። ሦስተኛውን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። በረንዳው ላይ አባቷ መሐል ቆሟል፤ ከወንበራቸው የተነሱ ሁለት ሰዎች በተራ ማጅራቱን ይመቱታል፤ አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። «አንዴ ድገምልኝ፣ አልተያዘም» አለ ቀራጩ። አባቷ ደገመለት። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ግማሽ ሻይና ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አለ። ስትጠጋው ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

«ወንጌልዬ። ምን ሆናችሁ?» አለ፣ በድንጋጤ ቆሞ።

«ምንም። ተቀመጥ፣ አባዬ።» በቀኝ በኩል ተቀመጠች።

«ዳይሬክተሩ ከሚሴን አልፏል አሉኝ፤ አሁን ነው የደወሉት። መኪናው ካራቆሬ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነው። የፊልም ሰው መቼም ሰዓት አያውቅም።» ወረቀቱን ከፈተው። በእርሳስ የጻፈው የራሱ ጽሑፍ ነው። «ገጹን እስኪያመጡ ብዬ የሆነ ነገር ሞክሬያለሁ። ዳኛ እኮ ብዙ አያወራም፤ ግን ያወራውን ሁሉም ይሰማዋል።»

«ማንም አይመጣም፣ አባዬ። ጋሼ አቤ ነው ያስደወለው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቤት እንዳትገኝ ነው። እሱ በአንተ ቦታ ሊቀመጥ ነው።»

አባቷ ወረቀቱን አጠፈው። እንደገና ፈታና አጠፈው። አስተናጋጇ መጥታ ሌላ ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልሰማትም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ወንጌላዊት ይጮሃል ብላ ጠበቀች። ይጩህ ብላ ተመኘች።

«እናትሽ ታውቃለች?» አለ በመጨረሻ።

ወንጌላዊት የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቱ ገፋ አደረገች።

«አቤ ሞኝ አይደለም» አለ። «ከሳቁ ያንቺ ነገር ይበላሻል። የሰው ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ከሳቀ ያፍራል፤ ካፈረ ይቀየማል። እዚሁ ልቆይ። ሲጨርሱ ትደውይልኛለሽ። ሙሄዲን የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ቤት ምሳ እበላለሁ።»

ያን ጊዜ ንዴቷ ወደ እሱ ዞረ። አቤን ስትጠላው ቀላል ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነው፤ በገዛ እጁ ቦታውን አጣጥፎ የሚያስረክበውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? «ማንን እንደሚጠይቁ እኔ ነኝ የምወስነው» አለች። «ሲስቁ ይሳቁ። አንተ ካልተቀመጥክ ማንም ጠየቀኝ አልልም። ተነስ።»

እንዲህ ተናግራው አታውቅም። በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩአት። አባቷ ሒሳቡን ከፍሎ ተነሳ።

እሑድ ሚኒባስ ቶሎ አይሞላም። ሰባት ሰዓት አልፎ ተነሱ፤ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጋለ ብሎ ሾፌሩ ውኃ ሲጨምር ሌላ ሩብ ሰዓት አለቀ። አባቷ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያይ ቆየ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። ሁለተኛው ላይ አንስቶ ያን ዳይሬክተር ነኝ ባይ፣ «ሐርቡ ደርሰሃል? በል እዚያው ተመለስ» አለና ዘጋው። ወንጌላዊት ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ቤት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ነጩ ላንድክሩዘር በሩ ላይ ቆሟል። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ የመጣበትን ሳይናገር፣ አባትየውም ተቀመጡ ሳይል አይቀመጥም። ከደጅ ሲያዩ አራቱም ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ለስላሳ ይዘዋል። አቤ በሩን ትይዩ ባለው ባለክንድ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሯል። ወንጌላዊት እንደ ሙሽራ መታየት ስለሌለባት ከመጋረጃው ኋላ ቀረች። አባቷ ብቻውን ገባ።

አቤ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ ወፍራሙ፣ የአግማስ አጎት፣ ጠርሙሱን አስቀመጠና፣ «ኧረ ይሄ ዘበኛው አይደለም እንዴ» አለ። «ልጆቼ ቢያዩህ እንዴት ደስ ይላቸው ነበር።» ፊቱ በእውነተኛ ደስታ በርቷል። ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄደና የአባቷን ማጅራት ጠፍ አደረገው። ጠንካራ አልነበረም። የአባቷ ተረከዝ ግን ተጋጨ። ሰውነቱ ራሱ ዞረ፤ ለግድግዳው ሰላምታ ሰጠ፤ «አለሁ ጌታዬ» አለ። ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም ይበልጥ አቤ ሳቀ፤ የተገላገለ ሰው ሳቅ ነበር። እናቷ ወለሉን አየች።

«ማነው እሱ?» አሉ ሀጂ ጀማሉዲን። ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የአግማስ ቤተሰብ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት ስለሆኑ ሽምግልናውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ፊልም የሚያዩ ሰው አይመስሉም።

ወንጌላዊት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እናቷ በዓይኗ ተመለሽ አለቻት።

«አባቴ ነው» አለች። ማንም የሰማት አልመሰላትም።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«አባቴ ነው፣ ሀጂ። እናንተ የጠየቃችሁት አጎቴን ነው።»

ሳቁ ከአንዱ አንዱ እያለ ጠፋ። ሀጂ ጀማሉዲን አቤን አዩት፤ ከዚያ እጁን ገና ከግንባሩ ያላወረደውን ሰው አዩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «ተነሱ» አሏቸው ሌሎቹን። «ወላሂ፣ ማን ቤት እንደገባን ሳናውቅ ነው የተቀመጥነው።»

«ሀጂ፣ ይሄ ምን ያስፈልጋል» አለ አቤ። «ያው አንድ ቤት ነን።»

«አንተ ወንበሩን ልቀቅ።»

አራቱም ወደ በረንዳው ወጥተው እንደገና ገቡና ደጃፉ ላይ ተደርድረው ቆሙ። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሀጂ ጀማሉዲን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ቤቱን መረቁ፤ «ልጃችሁን ወንጌላዊትን ለልጃችን ለአግማስ ብለን ከደጃችሁ ቆመናል» አሉ። የሚጠበቀው ተቀመጡ ማለት ነው። አባቷ ግን ዝም አለ። አቤ ከኋላው፣ «ተቀመጡ በላቸው እንጂ» አለው። ዝም አለ። ወፍራሙ ሰው ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው አዛወረ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ወንጌላዊት ዝምታው ስንት እንደቆየ አታውቅም፤ በመጨረሻ አባቷ ሲናገር ድምፁ የማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር።

«ሰምቻለሁ። ከዘመድ እመክራለሁ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሱ።» ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ወደ ወፍራሙ ሰው ሳይዞር፣ «እሳቸው ግን ይቅሩ» አለ።

ላንድክሩዘሩ እንደተነሳ አቤ ካላንደሩን እያየ ሲናገር ቆየ። አራት ወር የለፋበትን ነገር፣ የሰው ፊት ያየበትን፣ በአንድ ደቂቃ እንዳፈረሱት ተናገረ። እናቷ የተረፈውን ለስላሳ ወደ ሳጥኑ ትመልስ ነበር። «በቃ አቤ» አለች፤ እሱም ኮቱን ይዞ ወጣ።

ዐሥር ሰዓት ላይ የወንጌላዊት ስልክ ጠራ። አግማስ ነው። ጓሮ ወጥታ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ አነሳችው።

«ምን ተፈጠረ?» አለ። «አጎቴ በጣም ነው የተናደደው። እንደ ልጅ አቁማችሁ…»

«አጎትህ አባቴን መታው።»

«ቀልድ እኮ ነው፣ ወንጌል። አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሁሉም ሰው ነው የሚያደርገው። ደግሞ አባትሽ ቤት አይኖርም ብሎን ነበር አቤ፤ እኛ ምን እናውቃለን።»

«ብሎን ነበር?»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ አግማስ። «እንዳታፍሪ ብዬ።»

ብዙ ነገር ልትለው ትችል ነበር። ሦስት ጊዜ አባቷን ያልመታበትን ምክንያት አሁን ገባት፤ ያከበረው መስሏት የነበረው አፍሮበት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመችው ንዴት ሁሉ ሲወጣ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሆነ። «በዐሥራ አምስተኛው ቀን አትምጡ» አለችው። ዘጋችው።

ሳሎን ስትመለስ አባቷ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው። ኮቱን አላወለቀም። እናቷ ሻይ አቅርባለት ከጎኑ ተቀምጣለች። ጉልበቱ ላይ ያቺን ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ ይሰርዛል፤ ይጽፋል። ዓይኖቹ ያበራሉ።

«ወንጌልዬ፣ ነይማ» አለ። «በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሲመጡ ምን እንደምላቸው ይዣለሁ። ዛሬ ብዙ አልተናገርኩም አይደል? ያን ጊዜ እናገራለሁ። ስለ አንቺ ነው የምጀምረው።» ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ። «እስቲ አንቺ ሀጂን ሁኚና ደጃፉ ላይ ቁሚ።»

እናቷ ቀና ብላ የልጇን ፊት አየች። ወንጌላዊት ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ወደ በሩ ሄዳ፣ መጋረጃውን ገለል አድርጋ፣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

አባቷ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጀርባውን አቃና።

«እሺ» አላት። «የመጣችሁበትን ተናገሩ።»